ለዓድዋ ዘመቻ ገንዘቡ ከየት መጣ?

የዓድዋን ድል የሚተርኩ ጽሑፎች ስለ ጀግንነቱ ብዙ፣ ስለ ወጪው ግን ጥቂት ይላሉ። ምኒልክ ባንክም መደበኛ በጀትም ሳይኖራቸው፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ሀገሩን ካራቆተው ክፉ ቀን ማግስት፣ ያን ያህል ሠራዊት እንዴት እንዳስታጠቁ ስንመረምር አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል፤ ይኸውም የወታደሩ ድካም በመሬትና በእህል እየተካሰ፣ ብሩ በተቻለ መጠን ለመሣሪያ እንዲቆይ መደረጉ ነው።

የጥሬ ገንዘቡን እጥረት የ1879 ዓ.ም. አንድ ግብይት ይመሰክራል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ከታጁራ በግመል ያመጣውን ጠመንጃ እንጦጦ ላይ ሲያስረክብ በእጁ የተሰጠው ብር ሳይሆን፣ በዚያው ዓመት በተያዘችው ሐረር ደጃዝማች መኮንን የሚከፍሉት የክፍያ ትእዛዝ ነበር። ራምቦ በደብዳቤዎቹ ዋጋው እንደተሰበረበትና የሟች ሸሪኩ ዕዳ እንደተቀነሰበት ያማርራል። ምስክርነቱ የአንድ ወገን ስለሆነ በልኩ መውሰድ ይገባናል፤ ሐረር ገና ከመያዟ የመሣሪያ መክፈያ መሆኗን ግን ያረጋግጥልናል።

ይህችው ሐረር በመስከረም 1882 ዓ.ም. መኮንን ኢጣሊያ ውስጥ በፈረሙት የውጫሌ ውል ተጨማሪ ስምምነት መያዣ ሆነች፤ ለ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ጉምሩኳ ዋስ ሲሆን፣ ዕዳው ባይከፈል ግዛቷ ለኢጣሊያ እንድትተላለፍ ተጻፈ። በጠላት ገንዘብ የጠላትን መመከቻ መግዛት ነው ብለው ብድሩን የሚያደንቁ አሉ። እኛ ግን ለሀገር ህልውና እጅግ አደገኛ ቁማር ነበር እንላለን፤ ምኒልክ ከውሉ ሲወጡ ዕዳውን ከፍለው ለመገላገል መጣራቸው አደጋውን እርሳቸውም እንደተረዱት ያመለክታል።

የውስጡ ምንጭ የበለጠ አከራካሪ ነው። በ1885 ዓ.ም. ግድም ወታደር በገበሬ ቤት ተሰሪ መግባቱ ቀርቶ አሥራት እንዲከፈል ታወጀ፤ በመንግሥቱ ወገን አተረጓጎም ይህ ለገበሬው ዕረፍት ነበር። ይሁንና ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1904 ዓ.ም. «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተሰኘ ጽሑፋቸው ግብር ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል ማሳሰባቸው፣ አዋጁ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላም ገበሬውን እንዳላሳረፈ እንድንጠረጥር ያደርገናል። በደቡብ ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ነበር፤ ገባሩ በደመወዝ ፈንታ ለነፍጠኛው ተመርቶ ሲያርስና ሲያገለግል፣ ከዚያው ምድር የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ በሐረር በኩል ወደ ባሕር እየወረደ ጠመንጃ ሆኖ ይመለስ ነበር። የዘመቻው ወጪ ታሪክ ያለ እነዚህ ገባሮች ድርሻ ሙሉ ሊሆን አይችልም።