የአመራር ሥልጠና በፓስፊክ ደሴት መንግሥታት

በፓስፊክ ውቅያኖስ የሚገኙ ደሴት መንግሥታት መካከለኛና ከፍተኛ ሠራተኞቻቸውን ለመምሪያ ኃላፊነት፣ ለቋሚ ጸሐፊነት (ለሚኒስቴር ዋና የሥራ ኃላፊነት) እና ለመሳሰሉት ወንበሮች የሚያዘጋጁባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ኮርሶችና ፕሮግራሞች በአንድነት የአመራር ሥልጠና ይባላሉ። ሥራውን የጀመሩት ቅኝ ገዢዎችና የሞግዚት አስተዳደሮች ናቸው። ዛሬ በሱቫ፣ በፖርት ሞርስቢ፣ በሆኒያራና በሆኖሉሉ ያሉ ተቋማት ያካሂዱታል፤ አብዛኛውን ወጪ ግን አሁንም የሚችሉት አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና አሜሪካ ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የደሴት መሥሪያ ቤት

የማርሻል ደሴቶች 29 የቀለበት ቅርጽ ያላቸው የኮራል ደሴቶችና 5 ነጠላ ደሴቶች ናቸው። የብስ መሬታቸው ተደማምሮ 181 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባን ሲሶ ያህላል ማለት ነው። የማይክሮኔዥያ ፌዴሬሽን 607 ደሴቶች ሲኖሩት በያፕ፣ በቹክ፣ በፖንፔይና በኮስራይ ክልሎች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ አገረ ገዥና ሕግ አውጪ አለው። የኪሪባቲ 33 ደሴቶች መሬት 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆንም አገሪቱ የምታስተዳድረው ባሕር 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋና ከተማዋ ከታራዋ ተነስቶ በምሥራቅ ዳርቻ ወዳለችው ኪሪቲማቲ መድረስ የሚፈልግ ሹም ለብዙ ዓመታት በሌላ አገር፣ በፊጂ በኩል፣ ዞሮ መሄድ ነበረበት። ቶከላው ደግሞ ጭራሽ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከሳሞዋ አፒያ ወደ ሦስቱ ደሴቶቿ የሚኬደው በመርከብ ነው፤ ጉዞውም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል።

እንዲህ ባለ አገር መሥሪያ ቤት የሚደራጀው በትልልቅ አገሮች ልክ አይደለም። በትልቅ አገር በጀት፣ ግዥ፣ ዕቅድና የሰው ኃይል የየራሳቸው ክፍል፣ የየራሳቸው ባለሙያ አላቸው። በትንሽ ደሴት ጠዋት የበጀት ጥያቄ የሚያዘጋጀው፣ ቀትር ላይ ከለጋሽ አገር ልዑካን ጋር የሚሰበሰበው፣ ከሰዓት በኋላ ለቆመ ጄኔሬተር መለዋወጫ የሚያፈላልገው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ይህን ሰው ሦስት ሳምንት ለሥልጠና መላክ ጽሕፈት ቤቱን ቆልፎ እንደ መሄድ ይቆጠራል። ስለዚህ ዕድሉ ሲመጣ የሚላከው አንዳንዴ ሥልጠናው የሚያስፈልገው ሳይሆን ከሥራው ቢጠፋ ብዙም የማይጎዳው ነው። የውሎ አበሉን አስበው የሚሄዱም አይጠፉም፤ ይህ ግን የደሴቶች ብቻ ችግር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ዝምድና ነው። አሥር ሺህ ሰው በሚኖርበት አገር የሥራ ማመልከቻ ያስገባው፣ ቀረጥ ያልከፈለው፣ ቅጣት የሚጠብቀው ሁሉ የሹሙ የአጎት ልጅ፣ አማች ወይም በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብሮት የሚዘምር ሰው ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በሰሎሞን ደሴቶችና በቫኑዋቱ ዋንቶክ የሚባለው የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች መረዳዳት ለተቸገረ ሰው ምግብና ማደሪያ፣ ለሥራ ፈላጊ ተስፋ ነው። ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን በየዕለቱ በሩን የሚያንኳኳ ጥያቄ ነው። ከውጭ የመጡ አሠልጣኞች ለረጅም ጊዜ ጉዳዩን ሙስና ብለው ብቻ ያልፉት ነበር። እዚያ ተወልደው ያደጉ አሠልጣኞች የሚጀምሩት ከሌላ ቦታ ነው፤ ኃላፊው ለዘመዱ ከራሱ ደመወዝ እየሰጠ ከመሥሪያ ቤቱ ግን የማይሰጥበትን መንገድ፣ እንቢታውንም በምን ቃል እንደሚናገር ያወያያሉ። ከሁለቱ አካሄድ ሥራ ላይ ሊውል የሚችለው የኋለኛው ነው።

ከገዥዎች ትምህርት ቤት ወደ ተገዥዎች ትምህርት ቤት

በአካባቢው የመጀመሪያው ታዋቂ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ደሴተኞችን አያስተምርም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ በሲድኒ የተቋቋመው የአውስትራሊያ የፓስፊክ አስተዳደር ትምህርት ቤት የሚያሠለጥነው ወደ ፓፑዋና ኒው ጊኒ የሚላኩ ወጣት አውስትራሊያውያንን ነበር። እነዚህ ሹማምንት በየተራራው በእግር እየዞሩ ሕዝብ የሚቆጥሩ፣ የሚዳኙና የሚያስሩ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ኃላፊ ጆን ከር በ1975 የአውስትራሊያ ጠቅላይ ገዥ ሆኖ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላምን ከሥልጣን ያነሳው ሰው ነው፤ ገጣሚው ጄምስ ማኮሊም በዚያ አስተምሯል።

ነገሩ የተገለበጠው በ1963 ነው። በዚያ ዓመት በፖርት ሞርስቢ የተቋቋመው የአስተዳደር ኮሌጅ የአገሬውን ተወላጆች ለመንግሥት ሥራ ማዘጋጀት ጀመረ። ከመቶ ማይሎች ርቀት፣ ከባሕር ዳርና ከደጋ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ከማይሰማባቸው ወረዳዎች የመጡ ጸሐፊዎች፣ መምህራን፣ የጤና ረዳቶችና የሬዲዮ ጋዜጠኞች በአንድ ግቢ ተገናኙ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ከ800 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር ስለሆነች ይህ መገናኘት ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

ተማሪዎቹ በክፍል ውስጥ የሕግና የአስተዳደር ሥርዓት ተማሩ። ማታ ማታ ደግሞ በሆሆላ ሠፈር በአልበርት ማዎሪ ኪኪ ቤት ተሰብስበው የቆርቆሮ ሥጋና ደረቅ ብስኩት እየበሉ ፖለቲካ ያወሩ ነበር፤ ማኅበሩም በሚበሉት ነገር የቆርቆሮ ሥጋ ክበብ ተባለ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ከሴፒክ አካባቢ የመጣው የሬዲዮ ሠራተኛ ማይክል ሶማሬ ነበር። የኮሌጁ መምህር ሴሲል ኤብልም ከእነርሱ ጋር ቆመ። በ1967 ከቡድኑ 13 ሰዎች ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች ኮሚቴ ራስን በራስ የማስተዳደር ጥያቄ በጽሑፍ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት ፓንጉ ፓርቲ ተመሠረተ። ሶማሬ በ1968 ምክር ቤት ገባ፣ በ1972 ዋና ሚኒስትር ሆነ፣ መስከረም 16 ቀን 1975 አገሪቱ ነጻ ስትወጣም የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር እሱ ነበር።

ቅኝ ገዢው ኮሌጁን ሲከፍት ያሰበው ታዛዥና ብቁ ጸሐፊዎችን ማፍራት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ያፈራው ግን አሠሪውን የሚያሰናብት ትውልድ ነው። ይህም የሆነው በሥርዓተ ትምህርቱ ምክንያት አይመስልም፤ በማደሪያውና በእራት ሰዓቱ እንጂ። ኮሌጁ ከጊዜ በኋላ የፓፑዋ ኒው ጊኒ የሕዝብ አስተዳደር ተቋም ሆነ፤ አሁን የሶማሬ የአመራርና የመልካም አስተዳደር ተቋም ይባላል። ከ2015 ገደማ ጀምሮ የአውስትራሊያ መንግሥት ከአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ጋር አጣምሮ ይደግፈዋል።

ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያለው ታሪክ ለየት ቢልም በአንድ ነገር ይመሳሰላል። አሜሪካ ከ1947 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ያስተዳደረቻቸው የማይክሮኔዥያ ደሴቶች ከየወረዳው የተመረጡ ወጣቶችን የሚያስተምር አንድ ማዕከላዊ ትምህርት ቤት ነበራቸው። በመጀመሪያ በቹክ፣ ከ1959 ወዲህ በፖንፔይ ነበር። የፓላው፣ የያፕ፣ የማርሻልና የማሪያና ልጆች እዚያ ተዋወቁ፤ በኋላም ስለ ነጻነት ሲደራደሩ በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ብዙዎቹ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩ። ጓደኝነቱ ግዛቱን አንድ አድርጎ አላቆየውም። ሰሜን ማሪያና ከአሜሪካ ጋር ተቀላቀለች፤ ማርሻልና ማይክሮኔዥያ በ1986፣ ፓላው በ1994 የየራሳቸውን መንገድ ያዙ።

ሳተላይትና ዩኒቨርሲቲ

በ1968 በሱቫ፣ ኒውዚላንድ ትጠቀምበት በነበረ የባሕር አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የተከፈተው የደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የ12 አገሮች የጋራ ንብረት ነው። በ1970ዎቹ ዩኒቨርሲቲው አገልግሎቱን በጨረሰ የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ሳተላይት አማካይነት በሬዲዮ ድምፅ ብቻ በየደሴቱ ላሉ ተማሪዎች ማስተማር ጀመረ፤ ሳተላይቱ በ1985 ሲያከትም ትምህርቱም አብሮ ተደናቀፈ። ዩኒቨርሲቲው የራሱን የሳተላይት መረብ የዘረጋው በ2000 ነው። በመንግሥት አስተዳደር ዲግሪ የያዙ ብዙ የአካባቢው ቋሚ ጸሐፊዎች ከጽሕፈት ቤታቸው ሳይነሱ በማታ የተማሩ ናቸው።

በርቀት ማስተማር ግን ዛሬ ብዙ ጊዜ በአንድ የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በጥር 2022 በቶንጋ የፈነዳው የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ አገሪቱን ከዓለም የሚያገናኘውን ገመድ በጠሰው፤ እስኪጠገንም አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ።

የአሜሪካ ደሴቶች ፕሮግራም

ጉዋም፣ አሜሪካን ሳሞዋ፣ ሰሜን ማሪያና እና በካሪቢያን የሚገኙት ቨርጂን ደሴቶች የአሜሪካ ግዛቶች ናቸው። ማይክሮኔዥያ፣ ማርሻልና ፓላው ደግሞ ከአሜሪካ ጋር በነጻ ማኅበር ስምምነት የተሳሰሩ ነጻ አገሮች ናቸው። ለሰባቱም ከሚደርሰው የዋሽንግተን ገንዘብ ከፊሉ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የደሴቶች ጉዳይ ቢሮ በኩል ያልፋል። ቢሮው ከገንዘቡ ጋር ሥልጠናም ይሰጣል፤ በ2003 በታደሰው የማይክሮኔዥያና የማርሻል ስምምነት የመንግሥት ሠራተኛን አቅም ማጎልበት ከትምህርት፣ ከጤናና ከመሠረተ ልማት ጎን ራሱን የቻለ የድጎማ ዘርፍ ሆኖ ተቀምጧል።

ከእነዚህ ሥልጠናዎች በጣም የሚታወቀው የሥራ አመራር ልማት ፕሮግራም ነው። መንግሥታቱ ወደፊት ወደ ኃላፊነት ይመጣሉ ያሏቸውን ሠራተኞች ያቀርባሉ። ተመራጮቹ ለተወሰኑ ቀናት ይሰበሰባሉ፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሰበሰባሉ። በመካከሉ በየመሥሪያ ቤታቸው ያለ አንድ እውነተኛ ችግር ይዘው መፍትሔ ይሠራሉ፤ ለምሳሌ ሒሳብ በወቅቱ አለመዘጋቱን ወይም የግዥ ሰነድ በየጠረጴዛው መንከራተቱን። አከፋፈሉ ከላይ ለተነሳው የባዶ ወንበር ችግር መልስ ነው፤ ሰውየው ከደሴቱ የሚርቀው ጥቂት ጥቂት ጊዜ ነውና።

የሒሳብና የኦዲት ሠራተኞችም የየራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ የፓስፊክ ደሴቶች የመንግሥት ኦዲተሮች ማኅበር በየጊዜው በተለያየ ደሴት የሥልጠና ጉባኤ ያካሂዳል። በጉዋም ያለ ኦዲተር አስቸጋሪ ጉዳይ ሲገጥመው ስልክ የሚደውለው በሰሜን ማሪያና ሳይፓን ወይም በአሜሪካን ሳሞዋ ፓጎ ፓጎ ላለ አቻው ነው። በአገሩ ውስጥ ያንን ሥራ የሚያውቅና ከጉዳዩ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው ላያገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ትውውቅ በግምገማ ሪፖርት ውስጥ አንድ መስመር ቢያገኝ ነው፤ ከሥልጠናው ሁሉ የሚዘልቀው ግን እሱ ይመስላል።

የባላባቶች ወንበር

የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ባለሥልጣንና የበታች ሠራተኛ ብለው የሚያስቀምጡት ሥዕል በደሴቶቹ ሁልጊዜ አይሠራም። በሳሞዋ ማታይ የሚባሉት የቤተሰብ አለቆች በመሥሪያ ቤትም ማዕረጋቸው ይከተላቸዋል፤ ወጣት ዳይሬክተር በሥሩ የሚሠራን የተከበረ ማታይ በጉባኤ ፊት መገሠጽ አይችልም፣ ቢሞክርም የሚወቀሰው እሱ ነው። በያፕ ሁለት የባላባቶች ምክር ቤቶች በሕገ መንግሥት ታውቀዋል፤ ባህልን የሚነካ ሕግ ሲወጣም የመቃወም ሥልጣን አላቸው። ቶከላው የመንግሥቷን መሪነት በሦስቱ ደሴቶች መካከል በየዓመቱ እያፈራረቀች ኖራለች። በፊጂ፣ በቶንጋና በሳሞዋ ታላኖዋ የሚባለው፣ ሁሉም በክብ ተቀምጦ ያለ አጀንዳ የሚነጋገርበት ልማድ አሁን በሥልጠና ክፍሎች ገብቷል፤ ጠብቀው ካልያዙት ግን ለስብሰባ ጌጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሴቶች በአካባቢው ምክር ቤቶች ያላቸው መቀመጫ በዓለም ከዝቅተኞቹ አንዱ ሲሆን፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን ቁጥራቸው የተሻለ ነው። በጥር 2016 የማርሻል ደሴቶች ፕሬዚዳንት የሆኑት ሂልዳ ሃይኔ ወደ ፖለቲካ የገቡት በትምህርት ሥራ ብዙ ዓመታት ካሳለፉና የትምህርት ሚኒስቴር ጸሐፊ ከሆኑ በኋላ ነው፤ በ2024 እንደገና ወደ ፕሬዚዳንትነት ተመልሰዋል።

ሠልጣኞቹ የት ይደርሳሉ

በሰሎሞን ደሴቶች ከ1998 እስከ 2003 በቆየው ግጭት መንግሥት ሊፈርስ ሲቃረብ በአውስትራሊያ የሚመራ የአካባቢው አገሮች ተልእኮ በሐምሌ 2003 ገባ፤ እስከ 2017ም ቆየ። የውጭ አማካሪዎች ከገንዘብ ሚኒስቴር ጀምሮ በቀጥታ ሥራው ላይ ተቀመጡ። አማካሪው ራሱ ሲሠራው ሥራው ይፈጥናል፤ አጠገቡ ያለው የአገሬው ሠራተኛ ግን ተመልካች ይሆናል። በሆኒያራ ያለው የሕዝብ አስተዳደርና ሥራ አመራር ተቋም ይህን ክፍተት በአገር ሰው ለመሙላት ይሠራል።

ስደትም አለ። የኩክ ደሴቶችና የኒዩዌ ሰዎች የኒውዚላንድ ዜጎች ናቸው፤ የማይክሮኔዥያ፣ የማርሻልና የፓላው ዜጎች ያለ ቪዛ በአሜሪካ መኖርና መሥራት ይችላሉ። በ1996 የኩክ ደሴቶች መንግሥት ለኪሳራ ተዳርጎ ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ ሲያሰናብት ብዙዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኦክላንድ ሄዱ፤ ከሄዱትም አብዛኞቹ አልተመለሱም። በደሴቶቹ የሥልጠና ኃላፊዎች ስለዚህ በዕቅዳቸው አንድን ቦታ ለአንድ ሰው አያዘጋጁም፤ ሁለት ሦስት ሰው ያሠለጥናሉ፣ አንዱ ቢሄድ ሌላው እንዲተካ። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ግን ለዚያ የሚበቃ ሦስት ሰው የለም።