ጸጥ ያሉት ጣቢያዎች
ከአዳማ እስከ አዋሽ የአንድ ቀን ጉብኝት

የምድር ባቡራችን ታሪክ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠቀሱት በአዲስ አበባ ያለው ለገሃርና የድሬዳዋው ታላቅ ጣቢያ ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ባቡር ወዳድ የሆነ ሰው አንድ የዕረፍት ቀን ቢያገኝ ትልልቆቹን ትቶ በገጠር ወዳሉት ትናንሽ ጣቢያዎች ቢሄድ የበለጠ ይማራል። ትልቁ ጣቢያ ለሥራና ለክብር በአንድነት የተሠራ ሲሆን ትንሹ ጣቢያ የተሠራው ለሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ባቡሩ በምን ኃይል ይሄድ እንደ ነበር፣ ለምን በዚያ ሥፍራ ይቆም እንደ ነበር፣ ሕዝቡንም እንዴት እንደ ለወጠ ያለ ጌጥ የሚያስረዳን እርሱ ነው። እነዚህ ጣቢያዎች ዛሬ ጸጥ ብለዋል። ጸጥታቸው ወደ መረሳት ከመለወጡ በፊት ታሪካቸውን ማወቅ ይገባናል።

አስቀድሞ የመሥመሩን አመጣጥ በአጭሩ እንመልከት። ከባቡሩ በፊት ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ የሚመጣው የንግድ ዕቃ ሁሉ የሚጓዘው በግመልና በበቅሎ ነበር፤ ጉዞውም ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ ለሆነው አማካሪያቸው ለመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ለመሥራት የሚያስችል ፈቃድ ሰጡ። በውሉ የታሰበው መሥመር ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነበር። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋራ ሆኖ ኩባንያ አቋቋመና በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ሥራው ተጀመረ።

ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምንለው ሥፍራ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ መሥመሩ በተራራው ግርጌ አለፈ፤ በዚያም አዲስ ከተማ ተቈረቈረ። ከተማው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ይባል እንደ ነበር ይታወቃል። ከዚህ በኋላ ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ። ለዚህም አንዱ ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ የከበደ ነበር፤ የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያውን በገንዘብ እየረዳ በእጁ ሊያስገባው መሞከሩን ዐፄ ምኒልክ የአገራቸውን ነጻነት የሚነካ ነገር ሆኖ አገኙት። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት የሦስትዮሽ ስምምነት ውስጥ የባቡሩ ነገር መግባቱም ሥጋቱ ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ያሳያል። በመጨረሻ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሥሮ በ1900 ዓ.ም. ለአዲስ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጠ። ሥራውም ቀጥሎ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ያስጀመሩት ንጉሠ ነገሥት በ1906 ዓ.ም. ዐርፈው ስለ ነበር ፍጻሜውን ለማየት አልታደሉም።

መሥመሩ በጠቅላላው 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እስካለው አዲስ አበባ ይወጣል። ትንንሾቹ ጣቢያዎች ለምን እንደ ተሠሩ ለማወቅ ይህን ሁሉ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምክንያት ውሃ ነው። የጥንቱ ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ስለ ነበር ሎኮሞቲቩ እንደ መንገደኛ በቅሎ በየመንገዱ መጠጣት ነበረበት፤ ዳገት በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ ፍጆታው ይጨምራል። መሥመሩ የሚያልፈው በቆላ ስለሆነ ውሃ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ውሃው ከሩቅም ቢሆን እየመጣ የሚጠራቀምበት ጣቢያ የግድ አስፈለገ። ሁለተኛው ምክንያት ሐዲዱ ነጠላ መሆኑ ነው። ከላይና ከታች የሚመጡ ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ሥፍራ ብቻ ነበር። በዚህ ምክንያት የጣቢያው ሹም ባቡር ከመልቀቁ በፊት የሚቀጥለውን ጣቢያ በስልክ ጠይቆ መንገዱ ክፍት መሆኑን ያረጋግጣል። አንድ ቃል ቢሳሳት የብዙ ሰው ሕይወት ይጠፋል። በገጠር ያለች ትንሽ ጣቢያ እንግዲህ ይህን ያህል ከባድ አደራ ተሸክማ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው ምክንያት በቀድሞ ጊዜ የመንገደኛ ባቡር ሌሊት አለመሄዱ ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ሲፈጅ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር።

አሁን ወደ ጉብኝቱ እንመለስ። ባቡሩ በአሮጌው መሥመር ላይ ስለማያልፍ ጉዞው በመኪና ነው፤ ደግነቱ አውራ ጎዳናው ከአሮጌው ሐዲድ ብዙም አይርቅም። በማለዳ ከአዳማ የተነሣ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ከሚበልጠው መንገድ በኋላ አዋሽ ይደርሳል፤ በየመንገዱ እየቆመ ቢጐበኝም ቀኑ ይበቃዋል።

ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ ዛሬ ታላቅ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ የደጋና የቆላ መገናኛ በር ልንላት እንችላለን። ጤፉና ጥራጥሬው ከደጋው፣ ከብቱና ጨው ከቆላው እየመጣ የሚገበያይባት ከተማ እንድትሆን ባቡሩ ብዙ ረድቷታል። ከአዳማ በስተ ምሥራቅ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተሄደ ወለንጪቲ ይገኛል። ይህን ጣቢያ አንድ ቱሪስት ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። ባቡር ወዳድ ግን በዚህ ቆም ብሎ የከተማውን አሠራር ይመለከታል። ገበያው፣ ሻይ ቤቱ፣ ማደሪያው ከምን አጠገብ እንደ በቀለ ያስተውላል። በብዙዎቹ የመሥመሩ ከተሞች ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው፦ መጀመሪያ ሐዲድ ጠጋኞችና የጣቢያ ሠራተኞች ይሰፍራሉ፤ ቀጥሎ ለእነርሱ እንጀራና ጠላ የሚሸጡ ሴቶች ይመጣሉ፤ ከዚያ ነጋዴው፣ ከዚያም ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ በመጨረሻም ትምህርት ቤቱ ይሠራል።

ከወለንጪቲ በኋላ መንገዱ ወደ ታች እየወረደ ሙቀቱ ይጨምራል። የፈንታሌ ተራራ በስተ ግራ ብቅ ሲል ምድሩ ጥቁር ይሆናል፤ ይህም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ድንጋይ ነው። ከመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ለምድር ባቡር መሐንዲሶች ታላቅ ፈተና ነበር። ሐይቁ ከስልሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረ ሲሆን ውሃው ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ጎዳናውና ሐዲዱም በየጊዜው በድንጋይ እየተደለደሉ ከፍ እንዲሉ ግድ ሆነ። ሰው መሥመር ካሰመረ በኋላም ተፈጥሮ የራሷን መሥመር እንደምታሰምር በዚህ ሥፍራ በግልጽ ይታያል።

ከመተሐራ እስከ አዋሽ ያለው ሐዲድ የሚያልፈው በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በዚህ ሜዳ ሳላ ሲግጥ በመስኮት ማየት ለመንገደኛው ከጉዞው ደስታዎች አንዱ ነበር።

የቀኑ መጨረሻ አዋሽ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ አጠገቡ ወንዙ ጥልቅ ገደል ቈፍሮ ያልፋል። ባቡሩ በዚህ ያድር ስለ ነበር ከጣቢያው ጎን የመንገደኞች ማረፊያ ተሠራ፤ ይኸውም ቡፌ ደ አዋሽ እየተባለ ስሙ የታወቀው ነው። በአንድ ቤት ውስጥ መኳንንቱ፣ የውጭ አገር መልእክተኛው፣ ነጋዴውና አዳኙ አብረው ያደሩበት ጊዜ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ለስደት ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ የተጓዙት በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ተሸንፎ ሲያፈገፍግ የአዋሽን ድልድዮች አፍርሶ ሄደ፤ ሆኖም የሚያሳድደውን ጦር አላቆመም።

የአዋሽ ስም ሲነሣ በዝምታ ማለፍ የማይገባ ሌላ ነገር አለ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ብዙ መንገደኞች የጫነ ባቡር በአዋሽ አጠገብ ከጥምዝ ድልድይ ላይ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባና ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ባቡሩ በጥምዙ ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። በአፍሪካ ከደረሱት የምድር ባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ይህ ነው። ስለ ባቡር በደስታ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ወገኖቻችንን ሳያስታውስ ቢያልፍ ታሪኩን ግማሽ ብቻ ጻፈ ማለት ነው።

እነዚህ ጣቢያዎች ለምን ጸጥ አሉ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቀርቶ በናፍጣ የሚሠራው በተተካ ጊዜ ባቡሩ በየጣቢያው ውሃ መጠጣት አላስፈለገውም። ቀጥሎ የጭነት መኪናና አስፋልት ተወዳዳሪ ሆኑበት። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማልያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ስለ ፈራረሱ መሥመሩ ተቋርጦ ብዙ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ሐዲዱና ፉርጎው እያረጀ፣ ጥገናው እያነሰ ሄዶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሸክሙም ፍጥነቱም ከአሮጌው የሚወዳደር አይደለም። ይህ ለአገራችን ታላቅ እርምጃ ስለሆነ ልንደሰትበት ይገባል። ይሁን እንጂ አዲሶቹ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ሙዝና ብርቱካን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሻይ ይዘው በመስኮት ሥር ይሮጡ ለነበሩት ሴቶችና ልጆች አሮጌው ባቡር ገበያቸው ነበር። አንዳንዱ መንገደኛ ኮንትሮባንድ ይጭንበት እንደ ነበርም አይካድም። መልካሙም ክፉውም ከባቡሩ ጋራ ተያይዞ የኖረ ኑሮ ነበርና ባቡሩ ሲቆም በብዙ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ አንድ የኑሮ በር ተዘጋ።

ቋንቋችንም የዚህ ኑሮ ምስክር ነው። ለገሃር የምንለው ፈረንሳዮች ጣቢያ ከሚሉበት ቃል የመጣ ነው፤ ፉርጎም እንዲሁ የእነርሱ ቃል ነው። ሕዝቡ ቃሉን ተቀብሎ የራሱ አድርጎታል። ቃሉ ዛሬም በአፋችን ላይ ሲኖር ቃሉን ያመጣው ሥራ ግን ከዓይናችን እየጠፋ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ድንጋይና ቆርቆሮ ብቻውን አይናገርም። በጣቢያው ስልክ ያነጋገረ፣ ሐዲድ የጠገነ፣ ባቡር የነዳ፣ በመስኮት ሥር ሻይ የሸጠ ሰው ካልነገረን የጣቢያው ታሪክ ከሰዎቹ ጋራ ይቀበራል። እነዚህ አባቶችና እናቶች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከዓመት ወደ ዓመትም ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ከመሥመሩ አካባቢ የተወለደ ተማሪ ሁሉ በዕረፍት ጊዜው ደብተርና እርሳስ ይዞ ወደ እነርሱ ቢሄድ መልካም ነው። በስንት ዓመተ ምሕረት ሥራ እንደ ገቡ፣ ደመወዛቸው ስንት እንደ ነበር፣ በቀን ስንት ባቡር ያሳልፉ እንደ ነበር፣ መሣሪያዎቹን በምን ስም ይጠሯቸው እንደ ነበር ይጠይቃቸው። የሰማውንም ቀን ጨምሮ ይጻፈው። የጣቢያዎቹ ቤቶችም ከመፍረሳቸው በፊት ቤተ መጻሕፍት ወይም የወጣቶች መሰብሰቢያ ቢሆኑ ለከተሞቹ ይጠቅማሉ፤ ይህን ደግሞ ወላጆችና የአካባቢው ሹማምንት ሊያስቡበት ይችላሉ።

ትምህርት ቤታችን ይህን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ያለፉትን መምህራንና ተማሪዎች በስማቸው ያስታውሳል። ከአዳማ እስከ አዋሽ በየጣቢያው ቆመው ባቡሩን በሰላም ያሳለፉት ሠራተኞችም ስማቸውን የሚጽፍላቸው ሰው ይፈልጋሉ።