ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ሲቆም

በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ ያለችው አቃቂ ወደ ትራንስፖርት ካርታ የገባችው በባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከመድረሻው ቀድሞ የሚገኘው ጣቢያ አቃቂ ሆነ፤ ፋብሪካውም መጋዘኑም በሀዲዱና በመንገዱ ዳር ተተከለ። ባቡር ጣቢያውም ሰዓቱም ታሪፉም ተጽፎ ይቀመጣል። ሠራተኛውን ወደ ሳሪስና ከዚያ ወዲያ የሚያመላልሰው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ግን መስመሩ የኖረው በረዳቱ ጥሪና በተራ አስከባሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው። የአካባቢው የጉዞ ታሪክ በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ። የካርታ ሠሪው ዓይን ግን የመጀመሪያውን ብቻ ሲያይ ኖሯል።

ዛሬ ብዙ ከተሞች የጉዞ መረጃቸውን በድረ ገጽ የሚለዋወጡበት ጂቲኤፍኤስ የተባለው ክፍት ደረጃም የተወለደው ለተጻፈው ዓለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የፖርትላንድ ከተማ ትራንስፖርት ድርጅት ትራይሜትና ጉግል ሥራውን ሲጀምሩ፣ አውቶቡስ በታወቀ ማቆሚያ፣ በታወቀ ደቂቃ ይደርሳል ብለው ነው። ይህን ሚዛን ለአቃቂ ብንጠቀምበት ከተማው የተቆረጠ ይመስላል፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ቃሊቲ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሕዝብ መንገድ የሌለው ይሆናል። በእውነቱ ግን ሰዉ ቃሊቲ ወርዶ ሚኒባስ ታክሲ ይይዛል። የጉዞ አውታር ትንተና ዋጋ የሚኖረውም ይህ ቅብብሎሽ በአንድ ሰንጠረዥ ሲሰፍር ብቻ ነው።

ሚኒባስ የጊዜ ሰሌዳ ስለሌለው አይመዘገብም የሚሉ አሉ። ደረጃው ግን ለዚህ መውጫ አለው፤ ትክክለኛ ሰዓት ሳይሆን በስንት ደቂቃ ልዩነት አንድ መኪና እንደሚነሳ መጻፍ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ማታቱ የሚባሉት የናይሮቢ ሚኒባሶች መስመሮች ካርታ ይፋ ሲሆን ሰሌዳ የሌለው ትራንስፖርት በዚሁ ቅርጽ ሊገባ እንደሚችል ታየ፤ አዲስ አበባም ውስጥ አዲስማፕ የተባለው የካርታ ሥራ የታክሲ መስመሮችን ማንም ሊያርመው በሚችለው ክፍት ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ አስፍሯል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መረጃው ያረጃል። ረዳቱ መስመር ይቆርጣል፣ ነዳጅ ሲጠፋ መኪናው ይጎድላል፣ መንገድ ሲቆፈር ማቆሚያው ይዛወራል። ይህ እውነት ነው፤ ለዝግ ካርታ ግን ይብሳል፣ ስህተቱን ያየው ሰው ሊያርመው አይችልምና። ደግሞም የሚኒባሱ ታፔላ መነሻና መድረሻን ከወዲሁ ጽፎ ይዟል። የጎደለው በመሃል ያለው ማቆሚያና የድግግሞሹ ግምት ነው፤ ይህንንም ከተራ አስከባሪው በላይ የሚያውቅ የለም።