ኢምንት ንጥረ ነገር፦ በጠረፍ ሐይቅ ጭቃ ውስጥ ያለው

የምድር ኬሚስትሪ ባለሙያዎች «ትሬስ ኤለመንት» የሚሉትን እዚህ «ኢምንት ንጥረ ነገር» ብለነዋል። በድንጋይ፣ በአፈር ወይም በደለል ውስጥ ድርሻው ከ0.1 በመቶ በታች የሆነ ንጥረ ነገር ነው፤ በ1 ኪሎ ደረቅ ደለል ከ1 ግራም ያነሰ ማለት ነው። እርሳስ፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ኒኬል፣ ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክና ሜርኩሪ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ይመደባሉ።

ስሙ የሚናገረው ስለ መጠን ነው፤ ስለ ጉዳት አይደለም። ዚንክና መዳብ በጥቂቱ ካልተገኙ ሰውም ዓሣም ይታመማል። ካድሚየምና ሜርኩሪ ግን ለሰው አካል የሚሰጡት የታወቀ ጥቅም የለም። በ«ኢምንት ንጥረ ነገር» ፈንታ «ከባድ ብረቶች» የሚለውን ስም አልመርጥም። አርሴኒክን በትክክል ብረት ማለት አይቻልም፤ ያ ስም ደግሞ ምርመራው ሳይጀመር ይፈርዳል።

የግብፁን መንዛላ ሐይቅ እንመልከት። በዳሚየታና በፖርት ሰይድ መካከል ተንጣሎ፣ ከሜዲትራንያን ባሕር በቀጭን የአሸዋ ሰቅ ብቻ የተለየ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ለእኛ ሩቅ አይደለም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ከናይል ደለል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በአባይና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ እየታጠበ ይሄድ ነበር። በመንዛላ ወለል የተኛው አሮጌ ጭቃ በአብዛኛው የእኛ ተራሮች አፈር ነው።

ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ደጋችን በሰፊው የተሸፈነበት ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ከግራናይት ይልቅ በተፈጥሮው ብዙ ኒኬል፣ ክሮሚየምና ቫናዲየም ይይዛል። ስለዚህ የመንዛላን ጭቃ ከዓለም አማካይ ድንጋይ ጋር ብቻ አነጻጽሮ «ተበክሏል» የሚል ሰው ተራራው ያመጣውን በፋብሪካው ላይ ሊያላክክ ይችላል። ትክክለኛው መነሻ ፋብሪካ ሳይመጣ በፊት የተከማቸው ጥልቅ ንብርብር ነው። የቅርቡ ንብርብር ዕድሜ የሚሰላው በእርሳስ-210 ነው፤ ይህ ጨረር አመንጪ እርሳስ በየ22 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያም የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር መጠን ለአሉሚኒየም ይካፈላል። አሉሚኒየም ከሸክላ አፈር ጋር ስለሚመጣና የሰው ቆሻሻ ብዙም ስለማይለውጠው፣ ደቃቅ ጭቃና አሸዋ በአንድ ሚዛን እንዲዳኙ ያደርጋል። ደቃቁ ጭቃ አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋው የበለጠ ይይዛልና ይህ ስሌት ካልተሠራ ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

የሰው እጅም አለ፤ ከባድም ነው። ባሕር ኤል በቀር የተባለው ቦይ የምሥራቅ ካይሮን ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭና የእርሻ ውሃ ለአሥርት ዓመታት ወደ ሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ አፍስሷል። የቦዩ ውሃ ከጨዋማው ጋር ሲገናኝ ደቃቅ የሸክላ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ይሰምጣሉ፤ በላያቸው የያዙትን እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየምም ይዘው ይወርዳሉ። ኦክስጅን በሌለበት ወለል ድኝ እነዚህን ብረቶች አጥብቆ ይይዛቸዋል። በዚህ ሁኔታ እስካሉ ድረስ አብዛኞቹ ወደ ዓሣው አይደርሱም። ጭቃው ሲታመስ ወይም በቁፋሮ ሲወጣ ግን አየር ያገኘዋል፣ የድኙ ማሰሪያ ይፈታል፣ ብረቱም ተመልሶ ወደ ውሃው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የተመረቀው የባሕር ኤል በቀር ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 5.6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ አጣርቶ ለሲና እርሻ እንዲልክ የተሠራ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ አስቀድሞ በወለሉ የተኛውን ጭቃ ግን አይነካውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ለመጥረግ የሚነሳ ሁሉ፣ ማሽኑን ከማስገባቱ በፊት ጭቃውን በየጥልቀቱ ያስለካ፤ የሚወጣውንም የት እንደሚያኖር አስቀድሞ ይወስን።