የካንሰር ሕዋስ ጉዞ በቀጫጭን የደም ሥሮች

ካንሰር ሕመምተኛውን ለሞት የሚያበቃው ባመዛኙ በተነሣበት ሳይሆን በተዛመተበት ቦታ ነው። የመዛመቱን መንገድ ለማወቅ የተደረገው ጥረት ከ150 ዓመት በላይ አስቆጥሯል።

በ1869 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያ የነበሩት ሐኪም ቶማስ አሽዎርዝ በካንሰር በሞተ ሰው ደም ውስጥ የዕጢውን ሕዋሳት የሚመስሉ ሕዋሳት በአጉሊ መነጽር አዩ። ሕዋሳቱ የት እንደሚያርፉ ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ1889 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሕሙማንን መዝገብ መርምረው፥ በሽታው ጉበትን አዘውትሮ ሲያጠቃ ጣፊያን እምብዛም እንደማይነካ ተገነዘቡ፤ ስለዚህም ሕዋሱን በዘር፥ የሚያርፍበትን አካል በአፈር መሰሉ። ጤፍ በየማሳው እኩል እንደማይበቅል ለሚያውቅ ሕዝብ ምሳሌው እንግዳ አይደለም። አሜሪካዊው ጄምስ ዩዊንግ ግን በ1928 ወሳኙ የደም ሥሮች አቀማመጥ ነው ሲሉ ተከራከሩ፤ ሕዋሱ በመጀመሪያ ባገኘው ጠባብ ሥር ይወተፋልና።

በእርግጥም ካፒላሪ የሚባሉት ሥሮች ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ብቻ ሲሆን፥ የካንሰር ሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይገዝፋል። በ1970 አይዛያ ፊድለር በጨረር ምልክት የተደረገባቸውን ሕዋሳት በአይጦች ደም ሥር አስገብተው ቢከታተሉ፥ በሕይወት የቆዩት ከ100 አንድ እንኳ አልሞሉም። የደሙ ግፊትና የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት አብዛኞቹን ይፈጃሉ።

ጥቂቶቹ እንዴት ተረፉ? በ1968 ጋሲክና ባልደረቦቻቸው በአይጦች ደም ውስጥ ፕላትሌት ሲቀንስ መዛመቱም እንደሚቀንስ አሳይተው ነበር፤ ፕላትሌቶች የካንሰሩን ሕዋስ እንደ ጋሻ ይከልሉታል። በ2016 ደግሞ ተጣብቀው የሚጓዙ ሕዋሳት ጠባብ ሥር ሲገጥማቸው ተራ በተራ ተሰልፈው እንደሚያልፉና ከዚያ በኋላ እንደገና እንደሚሰባሰቡ ታየ።

ይህ ታሪክ ለአገራችን ሐኪም ሩቅ አይደለም። በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ፥ ከቦሌና ከየካ ጀምሮ የመላ ከተማዋን ነዋሪዎች ሕመም ይመዘግባል። በሴቶች ዘንድ ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በጉዞው ላይ ሕዋሳቱ በብዛት መሞታቸው ሊያዘናጋ አይገባም፤ ለሰው ሞት አፈር ያገኙት ጥቂቶች ይበቃሉ። ስለዚህ በቦሌ ጤና ጣቢያ በጡት ላይ የተገኘች ትንሽ እብጠት ሳትዘገይ መመርመሯ፥ ዘሩ ሳይበተን ለመቅደም ያለው ዋነኛው ዕድል ነው።