ቲሸርቱን ማን ሰፋው?

ያደግኩት ከግሸን አምባ ሥር ነው። የአክስቴ ልጅ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋ ነበር። እኔ ያኔ ምህንድስና እማራለሁ፤ ስንት እንደሚከፍሏት ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

የጠየቁት ሩቅ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ በርካታ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲያቸውን አስተዳደር ቢሮ ገብተው ተቀመጡ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ የዩኒቨርሲቲያችን ስም የታተመበትን ቲሸርት ማን ሰፋው? የት? በስንት ብር? ከዚያ ግፊት በ2000 «የሠራተኞች መብት ኮንሰርቲየም» የሚባል ተቆጣጣሪ ድርጅት ተወለደ። ይኸው ድርጅት በ2018 መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያ ሪፖርት ይዞ ወጣ። በሰዓት 12 የአሜሪካ ሳንቲም የማይሞላ ክፍያ አግኝቶ ነበር። በዓመቱ ደግሞ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የመነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር አሉት።

የእኛ ተማሪስ? በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጥቷል፤ በ1965 ስለ ወሎ ረሃብ ጮኋል። የኔ ትውልድ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጮኸው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ሲደነግግ፣ ከጓደኞቼ መሀል ያነበበው አልነበረም። እኔም ያነበብኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው።

ባለፈው የመስከረም 21 ንግሥ አገኘኋትና ጠየቅኳት።

«ዛሬ ገና ትዝ አለህ?» ብላ ሳቀችብኝ።