ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ያተረፈልን ቅርስ

ዛሬ በአዲስ አበባ ከአንድ የባህል ምግብ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው፥ ክራርና መሰንቆ፥ ዋሽንትና ከበሮ ጎን ለጎን ሆነው ሲጫወቱ፥ ዘፋኞቹም በአንድ ማታ ከጎጃም ወደ ጉራጌ፥ ከትግራይ ወደ ወላይታ ሲሻገሩ ቢያይ፥ ይህ ሁሉ ከጥንት የወረስነው ሥርዓት ነው ብሎ ያምናል። እኛም ይህን ጥናት እስከ ጀመርንበት ቀን ድረስ እንዲሁ እናምን ነበር። ነገር ግን መሣሪያዎቹ ጥንታውያን ቢሆኑም በአንድ መድረክ ላይ አብረው መቀመጣቸው የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ለዚህም ልማድ መተከል ትልቅ ድርሻ ያለው በ1963 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በቀድሞው ሥርዓት እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቤትና የራሱ ሰዓት ነበረው። ባለ ዐሥር አውታሩ በገና የመኳንንትና የካህናት ሲሆን በዓቢይ ጾም ለጸሎትና ለተመስጦ ይደረደራል እንጂ ለጭፈራ አይነሣም። ክራር በመልኩ የበገና ታናሽ ወንድም ቢመስልም፥ በገና የዳዊት፥ ክራር ግን የሰይጣን ነው እየተባለ ሲታማ ኖሯል። መሰንቆ የአዝማሪ እንጀራ ነው፤ ዋሽንት የእረኛ ጓደኛ ነው፤ መለከትና እምቢልታ የቤተ መንግሥት ክብር ናቸው። በጋምቤላ አኙዋኮች በጣት የሚመታውን ቶም ደግሞ የደጋው ሰው አብዛኛው በዓይኑም አላየውም ነበር። እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ አዳራሽ ያስቀመጣቸው በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ያስተምር የነበረው በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ነው። እርግጥ በ1935 የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ክራርና መሰንቆን ከዘፈንና ከእስክስታ ጋር ለሕዝብ ሲያሳይ ቆይቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጀማሪ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ነው ብንል ሀገር ፍቅርን መበደል ይሆናል። ይሁን እንጂ የአራቱን ማዕዘን መሣሪያ፥ በገናንና እምቢልታን ሳይቀር፥ እንደ አንድ ጓድ ማደራጀት ሌላ ሐሳብ ነው።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን አስቸጋሪ ነው። መሰንቆና ክራር የሚቃኙት እንደ ዘፋኙ ጉሮሮ ነው፤ ድምፁ ከፍ ያለ እንደ ሆነ አውታሩ ይጠብቃል፥ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ይላላል። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ አይጠብቅም፥ አይላላም። ስለዚህ ዋሽንተኛው ረዣዥሙንም አጫጭሩንም ዋሽንት አብሮ ይዞ ይዞራል። እምቢልታማ የጣት ቀዳዳ እንኳ የለውም፤ አንዱ ሰው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ ዜማው የሚሞላው ሦስት ሆነው ሲቀባበሉ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሲገናኙ ማን ለማን ይገዛ? ግድ የሆነው አውታር ያለው ለሌለው መገዛቱ ነው። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገሩ ደግሞ ክራሩ እንደገና መቃኘት አለበት። ለብቻው የሚጫወት ሰው እየተጨዋወተ ይቃኛል፤ ጓድ ግን ተመልካችን አስቀምጦ እንዲህ ሊያደርግ አይችልም።

ከኤል ዳብ በኋላ አሜሪካዊው ጆን ኮ፥ ከ1966 ጀምሮም አቶ ተስፋዬ ለማ ጓዱን መርተዋል። ከአባላቱ መካከል ክራረኛውና ዋሽንተኛው መላኩ ገላው፥ መሰንቆኛውም ጌታመሳይ አበበ በሰፊው ይታወቃሉ። የሰላም ጓድ አባል ሆኖ የመጣው ቻርልስ ሰተን መሰንቆ የተማረው ከጌታመሳይ ነው። ይህ ነገር ትንሽ መስሎ እንዳይታይ እንፈልጋለን። «አዝማሪ» የሚለው ስም በብዙ ቤት ለስድብ ሲውል በኖረበት አገር፥ አዝማሪው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መምህር፥ ፈረንጁ ደግሞ ደቀ መዝሙር ሆኖ ታየ። በ1969 ጓዱ ብሉ ናይል በሚል ስም ወደ አሜሪካ ተጉዞ በታወቀው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቧል። ብዙዎች ይህን ጉዞ የክብሩ ጫፍ ያደርጉታል፤ እኛ ግን የጌታመሳይን ትምህርት እናስበልጣለን።

የተከፈለውንም ዋጋ መሸሸግ አይገባም። አዝማሪ በጠጅ ቤት ሲጫወት ከእንግዳው ግጥም ይቀበላል፤ ያሞግሳል፥ ይነካል፥ ቅኔውን በሰምና ወርቅ ያጠልቃል፤ የጨዋታው ርዝመትም እንደ ሰዉ ሁኔታ ነው። ከጓድ ጋር ሲሆን ግን መግቢያውና መውጫው የተቆረጠ ነው፤ ባልንጀሮቹ ይጠብቁታልና በመካከል ለአንድ እንግዳ አዲስ ስንኝ ልፍጠር ቢል ሁሉን ያናጋል። መሰንቆው ከብሮ አዝማሪው ዝም አለ ማለት ሳያጋንን አይቀርም፤ ነገር ግን ከእውነት የራቀ አይመስለንም።

ኦርኬስትራው በ1975 ሲያበቃ መልኩ አልጠፋም። ከ1974 አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን በአንድ መድረክ የማሰለፉን ልማድ አስፋፉት፤ የዛሬዎቹም የባህል ባንዶች ከዚያ ይቀዳሉ። አቶ ተስፋዬ በ1987 ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ በዋሽንግተን የናይል ኢትዮጵያ የሙዚቃ ጓድን መሥርተው ያንኑ ሥራ በስደት ቀጠሉ። የኦርኬስትራው ዘፈኖች በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሃያ ሦስተኛ ቅጽ ሆነው በ2007 ሲወጡ በሕይወት ነበሩ፤ ያረፉት በ2013 ነው።

ከዚያ ጉባኤ ወደ ቀድሞ ቤቱ የተመለሰው በገና ነው። በምግብ ቤቶቹ መድረክ ላይ ክራሩ በኤሌክትሪክ እየጮኸ ከመሰንቆው ጋር ይቀመጣል፤ በገና ግን ከዚያ እምብዛም አይታይም። ጾም ሲገባ ለብቻው ይደረደራል።